የልጆች እቁብ

ቁጡ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ብናገር ይሻላል፤ ጋምቤላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ብደብቀውም ዋጋ የለውም። ያን ቀን ከቢሮ እስከ ሱቁ ድረስ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት እስከዛሬ አላስታውስም። በእጄ የያዝኩት ከልጄ ፍራሽ ስር ያገኘሁትን እራፊ ጨርቅና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው።

ልጄ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ቢሮዎቹ ወንበር ሳይገባላቸው ታፔላ የተሰቀለላቸው ጊዜ። እኔም ከነዚያ ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ። ባሌ ፑኝዶ ስደተኞች ካምፕ ሾፌር ስለሆነ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ስለዚህ ልጁን የማሳድገው እኔ ነበርኩ፣ ያውም በጩኸት።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ልጁ የእኔ ልጅ አልመስል ብሎኝ ነበር። ያለምክንያት ይስቃል፣ እራት ሲቀርብ ይነሳል፣ ዓይኑ ደም ይለብሳል። ወባ ነው ብዬ ሁለቴ ክሊኒክ ወሰድኩት። ወደ ኢታንግና ወደ ማታር የሚወርዱት የሞተር ጀልባዎች በሚያርፉበት፣ ባሮ ዳር፣ ቤንዚን በጨርቅ ነክረው የሚስቡ ልጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ክረምቱ ላይ ከነሱ አንዱ ራሱ ዞሮበት ወንዙ ወስዶት ከተማው ሁሉ አልቅሷል። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልቅሼ ግን ወደ ቤቴ ገባሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ ነዋ! ጨርቁን ሳገኝ ቀጣዩ የእኔ ነው አልኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ።

የጀልባ ቤንዚን በበርሜል አስቀምጠው የሚሸጡት ከጅማ የመጡት ሀጂ ነበሩ። ሱቃቸው ከስኳር እስከ መንጠቆ ሁሉ ያለበት ነው። እኔ ስገባ ስኳር በወረቀት እየጠቀለሉ ነበር።

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ። እኔ አኙዋክ ነኝ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ ስረጋጋ «እርስዎ» ማለት አያቅተኝም፣ ስናደድ ግን ከአፌ ይጠፋል። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ልትገድልብኝ ነው ወይ?»

ጠርሙሱን ሚዛናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የምለውን ብቻ ሳይሆን የማልለውንም አልኩ፤ ስለ ጢማቸው እንኳ ሳልናገር አልቀረሁም። ሀጂ ስኳሩን መጠቅለላቸውን አላቆሙም። ስጨርስ የስኳሩን ወረቀት አጠፉና ቀስ ብለው «እህቴ» አሉኝ፣ «ተቀመጪ። የእኔም ልጅ እዚያው ነው።»

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ? የሳቸው ልጅ ከእኔ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው፤ ቤንዚኑን የሚያወጣላቸውም እሱ ነበር። አባቱ ካወቁ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። መትተውታል፣ ለምነውታል፣ ቁርዓን አስቀርተውበታል። «ወላሂ፣ የቀረኝ የለም» አሉ። እዚያው ባንኮኒው ስር ተደብቀን ሁለታችንም አለቀስን። ያን ያየ ደንበኛ ስኳሩን ትቶ ወጣ።

መፍትሄውን ያመጡት ሚስታቸው ናቸው። እሳቸው የገበያው ሴቶች እቁብ ሰብሳቢ ስለነበሩ ለሁሉም ነገር መልሳቸው እቁብ ነው። «የራስ ልጅ ላይ ወይ ትጮሂያለሽ ወይ ትሸነፊያለሽ» አሉኝ። «የሰው ልጅ ሲሆን ግን መጮህም ያሳፍራል፣ ማሞላቀቅም ያሳፍራል። ስለዚህ ልጆቹን እናዟዙራቸው። እጣ እናውጣና አንድ አንድ ወር የሰው ልጅ እንያዝ።»

«ልጅ እንደ ብር በእጣ?» አልኩ።

«ብርማ ቢሆን መች ይቸግረን ነበር!» አሉና ሳቁ።

አራት ቤት ሆንን። እኔ፤ ሀጂና ሚስታቸው፤ ልጁ ከልጆቻችን ጋር የሚውል አንድ ኑዌር መምህር፤ አራተኛዋ ደግሞ ሻይ ቤት ያላት ደገኛ ጎረቤቴ፣ እሷ እንኳ ሴት ልጇ ነች የተያዘችው፣ አስራ አምስት ዓመት ያልሞላት። እሁድ ከቸርች መልስ የእኔ ግቢ ማንጎ ስር ተሰበሰብን። አራቱም ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው እንደ ተከሳሽ አቀርቅረዋል። ከመቀጣት ይልቅ እጣ ሊወጣባቸው መሆኑን ሲሰሙ የሻይ ቤቷ ልጅ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እናትየው በክርኗ ጎሸመቻት።

መምህሩ ሥርዓት አዋቂ ሰው ስለሆነ አንድ ሕግ አቀረበ። ልጅ የሚቀበል ቤት ውስጥ ምንም ዓይነት ሱስ አይኖርም አለ። ሲጋራውን ከኪሱ አውጥቶ መሬት ላይ ረገጠው። ባለ ሻይ ቤቷ አረቄ መሸጥ ለወሩ አቆማለሁ አለች። እኔ «አልጠጣ፣ አላጨስ፣ እኔ ምንም የለብኝም» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ሁላችንም ሀጂን አየናቸው።

ሀጂ ከሰዓት በኋላ ሁሌ ጫት ይቅማሉ። ከተማው ሰዓቱን የሚያውቀው በሳቸው በርጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ጫት ሱስ አይደለም» አሉ ኮስተር ብለው፣ «ልማድ ነው።»

«እንግዲያው መተው አይከብድዎትማ!» አሉ ሚስታቸው፤ ያችን ቀን ለሃያ ዓመት ሲጠብቋት የኖሩ ነው የሚመስሉት። ሀጂ ከራሳቸው ልጅ ፊት ምን ይበሉ? እሺ አሉ።

እጣው ወጣ። የሻይ ቤቷ ልጅ ለእኔ፣ የሀጂ ልጅ ለመምህሩ፣ የመምህሩ ልጅ ለባለ ሻይ ቤቷ። የእኔ ልጅ ለሀጂ!

ጌታ ሆይ! ቤንዚን የለመደ ልጅ ቤንዚን መጋዘን! እቁብ አባል ስለማያስቀር አራቱንም ቤት ጽፈን ጣሳ ውስጥ ከተናል፤ የሀጂ ቤት በርሜል ያለበት ቤት መሆኑ ከመሀላችን ለአንዱ እንኳ ትዝ አላለውም። «እጣው ይደገም» ብዬ ተነሳሁ። ሰብሳቢዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የወጣ እጣ አይመለስም፣ ዛሬ ለአንቺ ከተመለሰ ነገ እቁብ የሚባል ነገር አይኖርም አሉ። እኔ መጮህ ስጀምር ሀጂ ከወገባቸው የመጋዘኑን ቁልፍ ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«አንቺው ያዥው» አሉ። «ሌላ ቁልፍ የለም። ቤንዚን የፈለገ ሁሉ አንቺ ጋ ይምጣ።»

ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። በማግስቱ ገና ማሽኔ ላይ ወረቀት ሳላስገባ ሦስት ጀልባ ነጂዎች ጀሪካን ይዘው ቢሮ ገቡ። እየተነሳሁ ሄጄ እከፍታለሁ፣ በርሜሉ ሲቀዳ ቆሜ አያለሁ፣ ቆልፌ እመለሳለሁ። ሌላው ይጠብቀኛል። በሦስተኛው ቀን የቢሮው ኃላፊ ከክፍላቸው ወጡና «ይሄ የመንግሥት ቢሮ ነው ወይስ ነዳጅ ማደያ?» ብለው ጮሁ። የሚጮህ ሰው ስወድ! እኔም ጮህኩ። ልጄ ነው አልኳቸው፣ ነገሩን ከጨርቁ ጀምሬ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ተመልሰው ገቡ።

ከሁለት ቀን በኋላ የቢሮው መኪና ነዳጅ ጨረሰ። ኃላፊው ጠሩኝና ደብዳቤ አጻፉኝ፤ «ለክፍላችን ታይፒስት፤ ጉዳዩ፦ የመጋዘን ቁልፍ ትብብር ስለመጠየቅ።» እኔው ጻፍኩት፣ እሳቸው ፈረሙበት፣ ማህተም አደረጉበት፣ ለእኔው ሰጡኝ። አነበብኩት። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል» አልኳቸው። ያን ቀን መላው ቢሮ ሥራ አልሠራም፣ ሲስቅ ዋለ።

እኔ ቤት የገባችው የሻይ ቤቷ ልጅ ደግሞ ሌላ ጉድ ነች። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ራሷን ይዛ ተኛች፤ ከዚያ ስትነሳ ያገኘችውን ሁሉ በላች። የበቆሎ ገንፎ በአሳ ወጥ በልታ የማታውቅ ደገኛ ልጅ ድስቱን በጣቷ ጠረገችው። የሰው ልጅ ናትና አልቆጣትም፤ ንዴቴን እየዋጥኩ ራሴን እስኪያመኝ ድረስ በትህትና አናግራታለሁ። «እትዬ፣ ሲቆጡ ነው የሚያምርብዎት፣ ይሄኛው ያስፈራል» አለችኝ አንድ ቀን። ልቆጣት ስል ሳቄ አመለጠኝ።

የልጄን ወሬ በየጠዋቱ ከሀጂ ሚስት እሰማለሁ። «ልጅሽ ደህና ነው» ይሉኛል፣ «የኔው ናቸው ያስቸገሩኝ።» ሀጂን የጫት ሀራራው ጨርሷቸዋል። ቁጭ ባሉበት ያንቀላፋሉ፣ ሲነቁ ሚዛኑን ይሳደባሉ፣ ሲተኙ ዱካክ ይጫናቸዋል፤ በህልማቸው ጅብ ጫታቸውን ሲበላ አይተው ጮኸው ተነስተዋል አሉ። ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ልጅሽ ደህና ነው የሚለውን ግን አላመንኩም። እንዴት ልመን? ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለ ነው ፍራሹ ስር ጠርሙስ የደበቀብኝ።

ስለዚህ እጣው በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሀጂ የበርጫ ሰዓት፣ አንድ ትልቅ አሳ ገዝቼ ሄድኩ። አሳው ሰበብ ነው። በዋናው በር አልገባሁም፤ በጓሮ በኩል ዞሬ አጥሩ ስር ጆሮዬን ጣልኩ። ታይፒስት፣ የልጅ እናት፣ የቸርች መዘምራን አባል፣ አሳ ታቅፋ አጥር ስር ተደፍታ!

ከውስጥ የልጄ ድምፅ መጣ።

«ሀጂ፣ ውሃ ይጠጡ። ቀዝቃዛ ነው።»

«ተወኝ አቦ» አሉ ሀጂ። «ራሴ ሊፈነዳ ነው። አንድ ቅጠል ብቻ። ለማን ትናገራለህ?»

«ለማንም አልናገርም። ግን ይተውት። ክፉው ሦስተኛው ቀን ነው፤ ካለፉት በኋላ ይቀላል። እጅዎት ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉንም ሰው ይጠላሉ፣ ከዚያ ያልፋል።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ሁለቴ ብቻዬን ሞክሬው ነበር» አለ። «አንዴ አምስት ቀን ቆይቻለሁ። ግን ስስብ መኖሬን ያወቀ ስላልነበር ማቆሜንም ያወቀ የለም። በርታ የሚለኝ ሰው አልነበረም። እርስዎ ግን እኔ አለሁልዎት። ይጠጡ በቃ።»

ልጄ እዚያው እኔ ቤት፣ እኔ እየጮህኩበት፣ አምስት ቀን ሙሉ ብቻውን ሲታገል ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ወባ ነው ብዬ ኪኒን አስውጠዋለሁ። ያለቀስኩት ድምፅ ሳላሰማ ነው ብዬ ነበር፣ ግን የሀጂ ሚስት ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል። እኔን አዩ፣ አሳውን አዩ።

«ምነው፣ አሳው ዘመድሽ ነበር?» አሉኝ።

እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከነእንባዬ ወደ ውስጥ ጎትተው አስገቡኝ፤ ሀጂ ራሳቸው ላይ እርጥብ ፎጣ ተጠምጥሞ፣ ልጄ ከጎናቸው ብርጭቆ ይዞ አገኘኋቸው። አሳ የእምነት ልዩነት አያመጣምና እዚያው ጠብሰን አብረን በላን። ሀጂ ቂም የያዘ ሰው ይመስል አንድ ጉርሻ ከበሉ በኋላ «ይሄ ልጅሽ ከሐኪም ይበልጣል፣ ከወህኒ ጠባቂም ይብሳል» አሉ። ልጄ ሳቀ። ያለምክንያት የሚስቀውን ሳቅ ሳይሆን የድሮውን፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይበትን።

ከዚያ በኋላ ወሩ በሩጫ አለፈ። እሁድ እሁድ ሀጂ የልጄን ሸሚዝ አስተኩሰው ቸርች በር ድረስ ያደርሱታል፤ መዝሙር እስኪያልቅ ውጭ ዛፍ ስር ተቀምጠው ይጠብቁታል። አንድ ሽማግሌ ልጅሽን እንዴት ሙስሊም ቤት ሰጠሽ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ታዲያ እርስዎ ለምን አልወሰዱልኝም አልኳቸው፤ በሚቀጥለው እሁድ ከሀጂ ጎን ወንበር አውጥተው ሲያወሩ አየኋቸው። የመምህሩ ልጅ አንድ ቀን ተሳስቶ ስቦ፣ ማንም ሳይዘው ራሱ መጥቶ ለባለ ሻይ ቤቷ ተናገረ። እሷ ስታቅፈው ልጁ ልትመታው መስሎት ፊቱን ሸፈነ አሉ። እኛም መውደቁን ትተን መናገሩን ቆጠርንለት።

ወሩ ሲያልቅ ማንጎው ስር እንደገና ተሰበሰብን። ባለ ሻይ ቤቷ አምባሻ ጋግራ መጣች፣ የሀጂ ሚስት ሳንቡሳ፣ እኔ አሳ። የመዘምራኑን ከበሮ ያመጣ ሰው ነበር፤ ልጆቹ እየመቱ ጨፈሩበት። መምህሩ አጭር ንግግር አደርጋለሁ ብሎ ረጅም አደረገ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ተነስቶ ወደ ወላጁ ሄደ። የሻይ ቤቷ ልጅ ከእኔ ስትለይ አልቅሳ አስለቀሰችኝ። የሀጂ ልጅ አባቱ ትከሻ ስር ገባ።

ልጄ አልተነሳም።

ከሀጂ ጎን እንደተቀመጠ መሬት መሬት ያያል። ከበሮው ቆመ። አንድ ወር ሙሉ ይህን ቀን ስቆጥር ነበር፤ ለእሱ ብዬ አዲስ አንሶላ ገዝቻለሁ። በሰው ፊት አፈርኩ፣ ሳፍር ደግሞ እቆጣለሁ። «ተነሳ እንጂ!» አልኩ። «ቤት የለህም ወይ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሌሎቹ እንዳይሰሙት በቋንቋችን ተናገረ።

«እማ፣ ስትስሚኝ አትስሚኝም። ታሸቺኛለሽ።»

በጣቱ አንገቱን አሳየኝ።

«ከትምህርት ቤት ስመጣ አንገቴን ታሸቻለሽ። ቸርች በር ላይ ባለፈው እሁድ ስትስሚኝም አሽትተሽኛል። ሀጂ ቤት አንድ ቀን እንኳ ማንም አላሸተተኝም። እቤት ከመጣሁ በየቀኑ ልታሸቺኝ ነው። እሱን አልችለውም።»

«ምን አለሽ?» አሉ ሀጂ ጨንቋቸው። «እኛ አስቀይመነው ነው?»

እውነቱን ነው። ጨርቁን ካገኘሁ ወዲህ ከንፈሬን ጉንጩ ላይ ሳሳርፍ አፍንጫዬ ይቀድማል። ሸሚዙን፣ ፀጉሩን፣ መዳፉን። እናትነት ነበር የሚመስለኝ። መምህሩ ሲጋራውን ሲረግጥ፣ ሀጂ ለአንድ ወር ሲሰቃዩ፣ እኔ አንገቴ ላይ ቁልፍ አንጠልጥዬ ሌላውን ሰው ሁሉ ስጠብቅ ነበር። ልጄ ላይ መጮህ ለምጄዋለሁ፤ ልጄን ማመን ግን ከጫትም ከሲጋራም በላይ ሊከብደኝ ነው ብዬ አስቤም አላውቅም። እዚያው ሁሉም ፊት፣ በአማርኛ፣ ልጄ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሀጂ ብቻ ራሳቸውን ነቅንቀው «ሦስተኛው ቀን ነው ክፉው፣ እህቴ» አሉ።

ወደ ልጄ ሄድኩ። «ልቀፍህ?» አልኩት፤ በሕይወቴ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ተነስቶ ቆመ፤ ለካ በቁመት በልጦኛል። አቀፍኩት፣ ትንፋሼን ግጥም አድርጌ ይዤ ሳምኩት። አልለቀቅኩትም፣ አልተነፈስኩምም። ደረቴ ተወጠረ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ማልቀሱን አላቆመም። እሱ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ቆይቶ ገባው መሰለኝ፣ ሆዱ ከሆዴ ጋር ተጣብቆ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

«ተንፍሺ እንጂ እማ፣ ልትሞቺ ነው!»

ተነፈስኩ። ሳሙናና ላብ፣ ላብና ሳሙና፣ የልጄ ጠረን ብቻ ነበር፤ እሱም ጭንቅላቴን ይዞ አፍንጫዬን አንገቱ ላይ ደፋልኝ።